ማሲንቆ በላፕቶፕ፦ የሶፍትዌር ምርጫና የሥራው ጥበባዊ ዋጋ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። አጎቴ ማሲንቆ ተጫዋች ነው፤ በሠርግና በክርስትና ድግስ ይጠራል። የእሱን ጨዋታ እየቀዳሁ፣ ከበሮና ባስ እየጨመርኩ ማቀናበር ጀምሬያለሁ። ያለኝ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕና አንድ ማይክ ነው። እስካሁን የሞከርኩት በኤፍኤል ስቱዲዮ ነው። አንድ የስቱዲዮ ባለሙያ ግን በኤፍኤል የተሠራ ሥራ ከልጆች ጨዋታ እንደማያልፍ፣ ኪውቤዝ ካልያዝኩ መድከም እንደሌለብኝ ነገረኝ። አጎቴ ደግሞ በኮምፒውተር የተሠራ ሙዚቃ ነፍስ የለውም ይላል። የትኛውን ሶፍትዌር ልምረጥ? ሶፍትዌሩስ የሥራውን ጥበባዊ ዋጋ ይቀንሰዋል ወይ?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎ ከሁለት ሰዎች የሰሙትን ሁለት የተለያየ ነገር አንድ ላይ ስለያዘ ለየብቻ ብመልሰው ይሻላል። የስቱዲዮ ባለሙያው የተናገሩት ስለ ሶፍትዌሩ ስም ሲሆን አጎትዎ የተናገሩት ግን ስለ ሙዚቃው ነው። የመጀመሪያው አባባል ስህተት መሆኑን ቤትዎ ተቀምጠው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። በሁለተኛው ውስጥ ግን ብዙ እውነት አለ፤ ሶፍትዌር ሲመርጡም መነሻዎ የአጎትዎ ቅሬታ ቢሆን ይጠቀማሉ ብዬ አምናለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ባህላዊ ሙዚቃ በመቅዳትና በማቀናበር ከ15 ዓመት በላይ ስለቆየሁ፣ የምመልስልዎት በዚሁ ሥራ ላይ ካየሁት ተነስቼ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ላንሳ። ከአጎትዎ ቅጂዎች አንዱን በኤፍኤል ስቱዲዮም፣ በሌላ ሶፍትዌርም ይክፈቱት። ምንም ማሳመሪያ ሳይጨምሩና የድምፁን መጠን ሳይነኩ ከሁለቱም ባልተጨመቀ የዌቭ ፋይል ያውጡት። ከዚያ ሁለቱን ፋይሎች በአንድ ሶፍትዌር ውስጥ አንዱን ከሌላው ሥር፣ በአንድ መነሻ ላይ አድርገው ያስቀምጡና የአንዱን ሞገድ ይገልብጡት። ሁለቱ ድምፆች አንድ ከሆኑ እርስ በርሳቸው ይጠፋፉና ምንም አይሰማም፤ ልዩነት ካላቸው ግን የልዩነታቸው መጠን ብቻ ተርፎ ይሰማል። ሶፍትዌሮች መሀል ላይ የተቀመጠን ድምፅ የሚያወጡበት መጠን በጥቂት ዴሲቤል ሊለያይ ስለሚችል፣ አንዱን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ሊያስፈልግዎት ይችላል። መጠናቸው እኩል ከሆነ በኋላ የሚያገኙት ዝምታ ነው። ሶፍትዌሮቹ ድምፅን የሚይዙትና የሚደምሩት በቁጥር ስለሆነ፣ ኪውቤዝ ደምሮ ኤፍኤል ስቱዲዮ ሊያጣው የሚችል ውበት የለም።

የስም ክብር ከየት እንደመጣ ማወቁም ይጠቅምዎታል። ኪውቤዝ እ.ኤ.አ. በ1989 አታሪ በሚባለው ኮምፒውተር ላይ ሲጀምር ድምፅ መቅዳት እንኳ የማይችል፣ ለኪቦርዶች ትእዛዝ ብቻ የሚያቀብል ፕሮግራም ነበር። ኤፍኤል ስቱዲዮም እ.ኤ.አ. በ1997 ፍሩቲሉፕስ ተብሎ ሲወጣ የከበሮ ምት ከመደርደር ያለፈ ሥራ አልነበረውም። ሁለቱም ከትንሽ ተነስተው ዛሬ ሙሉ ስቱዲዮ የሚተኩ ሆነዋል። ኤፍኤል ስቱዲዮ በርካሽ ሥራ ስሙ የተነሳው ለጀማሪ ቀላል ስለሆነ ብዙ ጀማሪ ስለያዘው ነው፤ ብዙ ጀማሪ በያዘው መሣሪያ ደግሞ ብዙ ያልበሰለ ሥራ ይወጣል። በየሠፈሩ በኪቦርድ ላይ የሚለማመድ ልጅ ስለበዛ ኪቦርድን የሚንቅ ሙዚቀኛ እንደሌለ ሁሉ፣ ሶፍትዌርንም በተጠቃሚው ልምድ መመዘን ልክ አይደለም።

አሁን ወደ አጎትዎ ልመለስ። ነፍስ የለውም ሲሉ የሚሰማቸው ነገር በእርግጥ ያለ ነገር ነው፤ በጆሮም በመለኪያም የሚገኝ ነው። ማንኛውም የሙዚቃ ሶፍትዌር ገና ሲከፈት፣ ተጠቃሚው ምንም ሳይወስን፣ በውስጡ አስቀድሞ የተወሰኑ ነገሮች አሉ፤ እነዚህ ውሳኔዎች የተወሰኑት ለሌላ አገር ሙዚቃ ነው። አቀናባሪው ሳያውቃቸው ሲቀር ማሲንቆው በእነሱ ልክ ይቆረጣል። በእኔ አስተያየት የሥራውን ዋጋ የሚቀንሰው ሰው መወሰን የነበረበትን ፕሮግራሙ ሲወስንለት ዝም ማለቱ ነው።

ከምቱ እንጀምር። ኤፍኤል ስቱዲዮን ሲከፍቱ የከበሮው መደርደሪያ ላይ 16 ትናንሽ ሣጥኖች ያገኛሉ፤ በአራት በአራት የተከፋፈሉ ናቸው። ይህ በአራት የሚቆጠር ሙዚቃ ልክ ነው። ሠርግ ቤት ዳሱን የሚያነሳው ችክችካ ግን በስድስት የሚቆጠር ነው፤ እነዚያ ስድስቱ ንዑስ ምቶች አንድ ጊዜ ሦስት ሦስት፣ አንድ ጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚሰሙ ጭብጨባው በአንዱ ሲሄድ ትከሻው በሌላው ይመልሳል። ጎጃም ውስጥ እስክስታ የሚመታ ሰው ትከሻ ላይ የሚታየው ያ መልስ ነው። ይህን ምት በ16 ሣጥን ውስጥ ለመክተት የሞከረ ሰው አንዱን ምት ማስረዘም፣ ሌላውን ማሳጠር ግድ ይሆንበታል፤ ውጤቱም ለጨፋሪ የሚያደናቅፍ፣ ለአድማጭ ደግሞ የቆመ ነገር ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሣጥኖቹን ብዛት ወደ 12 ይቀይሩ፣ የሥራውን የምት ቁጥርም 6/8 ያድርጉት። ኤፍኤል ስቱዲዮ ከ20ኛው እትሙ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ይህን ይፈቅዳል። ሪፐር የሚባለው ሌላ ሶፍትዌርም፣ ኪውቤዝም ይፈቅዳሉ። ብዙ ሰው ይህን የማያደርገው 16ቱ ሣጥን ከሰማይ የወረደ ስለሚመስለው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅኝቱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምክንያቱም ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው። ኪቦርድም ሶፍትዌርም የሚሠሩት አንድን ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ከፍ ያለ ተመሳሳይ ድምፅ ያለውን ርቀት፣ በ12 እኩል ቦታ በመክፈል ነው፤ በመለኪያው ቋንቋ እያንዳንዱ ክፍል 100 ሴንት ነው። ማሲንቆ ግን እንደዚህ የተከፈለ ነገር አያውቅም። የፈረስ ጭራው ከእንጨቱ ርቆ ስለተወጠረ ጣት ጭራውን በአየር ላይ ይነካዋል እንጂ እንደ ጊታር እንጨት ላይ አይጫነውም፤ ስለዚህ ድምፁ በፈለገበት ቦታ ይቆማል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድም መሀሉን ሁሉ እየነካ ይንሸራተታል። ኪቦርድ ላይ ከመነሻው ድምፅ እስከ ሜጀር ሦስተኛው (ለምሳሌ ከዶ እስከ ሚ) ያለው ርቀት 400 ሴንት ሲሆን፣ በንጹሕ የሞገድ ምጥጥን የሚገኘው ርቀት ግን ወደ 386 ሴንት ገደማ ነው። የ14 ሴንት ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ነው፤ ለጆሮ ግን ዕረፍት በሚሰጥና በሚቆረቁር ድምፅ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ብለን የምንጠራቸው ቅኝቶች በኪቦርድ ሊቀርቡ ቢችሉም፣ አንድ ማሲንቆ መቺ ጣቱን በሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ግን ኪቦርዱ ሁልጊዜ የለም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ገደማ ከብቸና አካባቢ የመጡ አንድ አዛውንት ማሲንቆ መቺ ቀድቼ ነበር። ቅጂውን ለማሳመር ብዬ በድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም እያንዳንዱን ድምፅ ወደ ቅርቡ የኪቦርድ ቦታ ሳብኩት፤ ምቱንም ወደ መስመሩ አስጠጋሁት። ሥራው ንጹሕ መሰለኝና ጠርቼ አሰማኋቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዳመጡና መጀመሪያ የቀዳሁትን እንዳሰማቸው ጠየቁኝ። ከዚያ ማሲንቆውን አንስተው በትዝታ ወደ ላይ ወጡ፤ ሦስተኛው ድምፅ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳዩኝ። ሲወርዱ ደግሞ እዚያው ድምፅ ላይ ቆም ብለው እንደገና አሳዩኝ፤ ጣቱ ከቀድሞው ቦታ የጤፍ ቅንጣት በምታህል ስፋት ወደ ላይ፣ ወደ መቃኛው ሸሽቷል፤ ድምፁም በዚያው ልክ ዝቅ ብሏል። «ልጄ፣ በወጣሁበት አልወረድኩም፤ አንተ ግን በወጣሁበት አወረድከኝ» አሉኝ። ፕሮግራሙ ሁለቱን ቦታዎች አንድ አድርጓቸው ነበር፤ እኔም አንድ መሆን እንዳለባቸው ስላመንኩ አልሰማኋቸውም። ያንን ሥራ ከነማስተካከያው ሰረዝኩት። አዛውንቱ ያሳዩኝን ጣት ግን ዛሬም ማሲንቆ በቀዳሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

ድምፅን እንዲህ ወደ ቅርቡ ቦታ የሚስበው ኦቶቲውን የሚባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው፣ መሬት ውስጥ ነዳጅ ለመፈለግ በሞገድ ስሌት ላይ ይሠሩ በነበሩ ባለሙያ ነው። ብልሃቱ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ልክ የሆነውን ድምፅ የሚያውቀው ከተነገረው ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ሰንጠረዡን የሚሞላው ሰው ካልሆነ ፕሮግራሙ በ12ቱ እኩል ቦታዎች ይሞላዋል። እንዲሁም በኪቦርድ ወይም በኮምፒውተር ላይ የተጫወቱትን የሚመዘግበው ሚዲ የሚባለው ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወጣ ለኪቦርድ ተጫዋች ታስቦ ስለሆነ፣ የትኛው ቁልፍ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ በደንብ ይጽፋል፤ የደጋን ጉተታንና የጣት መንሸራተትን ግን የሚጽፈው ተጨንቆ ነው። ስለዚህ የአጎትዎን ማሲንቆ በማይክ ይቅዱት እንጂ በኪቦርድ የማሲንቆ ድምፅ አይተኩት። ይህን በጥብቅ እመክራለሁ።

ሦስተኛው ነገር ተዘጋጅተው የሚመጡ ሉፖች፣ ማለትም እየተደጋገሙ እንዲሄዱ የተሠሩ የሙዚቃ ቁርጥራጮች ናቸው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ሙሉ በሙሉ መከልከልን ወይም ሙሉ በሙሉ መፍቀድን ይመርጣል፤ እኔ ግን ከዚሁ ከአገራችን የቅኔ ቤት የተሻለ መመዘኛ እናገኛለን እላለሁ። ዋሸራም ሆነ ጎንጂ፣ ዲማም ሆነ ደብረ ኤልያስ፣ የቅኔ ተማሪ ልኩን ራሱ አይፈጥርም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ዜማውም የታወቀ ነው። ይህን የሰጡት የቀደሙት ናቸው፤ ተማሪውም በተሰጠው ልክ ውስጥ ሲገባ ማንም ቅኔህ የሌላ ነው አይለውም። በልኩ ውስጥ የሚገባው ሰምና ወርቅ ግን በዚያ ቀን የራሱ መሆን አለበት። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ለመምህሩ የተናገረ ተማሪ ይነወራል፤ ቅኔ ዘረፈ የሚባለው ራሱ አመንጭቶ ያፈሰሰ ነውና። እንግዲህ አንድ የከበሮ ምት ስልት፣ አንድ የባስ አካሄድ፣ አንድ የዘፈን አደራደር የቤቱ ልክ ነው፤ ከሌላ ቢወሰድ ነውር የለበትም። ዜማው፣ አባባሉ፣ ዘፈኑን ያ ዘፈን የሚያደርገው ነገር ከተገዛ ሉፕ ከመጣ ግን የአቀናባሪው ድርሻ ምን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በጽሑፍ ትእዛዝ ሙሉ ዘፈን የሚያወጡት አዳዲስ ፕሮግራሞችም በዚሁ ይመዘኑ፤ ልኩንም ሰሙንም ወርቁንም የሰጠ ፕሮግራም ከሆነ፣ ያዘዘው ሰው የቅኔው ባለቤት ነው ለማለት አልደፍርም።

መሣሪያው ከውጭ መምጣቱ ግን በራሱ ጉዳት እንዳልሆነ ታሪካችን ይመሰክራል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው ያመጧቸው 40 የአርመን ልጆች ይጫወቱት የነበረው የነሐስ ሙዚቃ መሣሪያ፣ በዚያ ዘመን ለአብዛኛው የአገሩ ሰው ጆሮ እንግዳ ነበር። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ግን ትራምፔትና ሳክስፎን በአምባሰልና በባቲ ሲናገሩ ማንም እንግዳ አላላቸውም። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎንን ለኢትዮጵያ ቅኝት ሲያለምደው መሣሪያው አሜሪካን አገር ተሠርቶ መምጣቱ ሥራውን አላሳነሰውም። አንጋፋው የኪቦርድ ባለሙያ ኃይሉ መርጊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 በስደት በሚኖርበት አሜሪካ አኮርዲዮንን ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ ከሚፈጥረው ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ የአገሩን የቆዩ ዜማዎች ብቻውን ቀዳ፤ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲወጣ የዓለም አድማጭ በድንቅ ተቀበለው። በዚያ ሥራ ውስጥ ማሽኑ ይሰማል፤ ከማሽኑ በላይ ግን የአኮርዲዮን ተጫዋቹ እጅ ይሰማል። የቤተ ክርስቲያን ዜማችንን ብናነሳም፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቶቹን ሲያደራጁ፣ ቀድሞ በቃል ብቻ ይተላለፍ ለነበረው ዜማ አዲስ መሣሪያ መስጠታቸው ነበር። ምልክቱ ዜማውን አልተካም፤ ዛሬም ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይሰማል፣ ምልክቱም የሰማውን ያስታውሰዋል። የላፕቶፕዎን ድርሻ ሲያስቡ ይህን ምሳሌ ቢይዙ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። በእርስዎ ሁኔታ፣ ማለትም 4 ጊጋባይት ራም፣ አንድ ማይክና በዋናነት የሚቀዳ ማሲንቆ ባለበት ሁኔታ፣ እኔ ብሆን ሪፐርን እመርጥ ነበር። መጫኛው ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ይወርዳል፤ ደካማ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ለ60 ቀን ሙሉ አገልግሎቱን ሳይከፍሉ መሞከር ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ለግለሰብ የሚሸጥበት ዋጋ 60 ዶላር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምቱን ከቀረጹት ጨዋታ ላይ አንስቶ መስመሩን ከተጫዋቹ ጋር ማስኬድ ይችላል፤ አጎትዎ መሀል ላይ ሞቅ ሲላቸው ጨዋታውን ቢያፈጥኑት፣ እርስዎ የሚጨምሩት ከበሮ ይከተላቸዋል። ጉድለቱ ከራሱ ጋር ይህ ነው የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ይዞ አለመምጣቱ ነው።

በኤፍኤል ስቱዲዮ መቀጠል ከፈለጉም አልቃወምም፤ እጅዎ ለምዶታል፤ ልምድ ደግሞ በቀላሉ የሚጣል ነገር አይደለም። ሁለት ነገር ግን ይወቁ። የሙከራው እትም ሥራዎን ቢያስቀምጥልዎትም ካልገዙት በቀር መልሶ አይከፍትልዎትም፤ እትሞቹም እኩል ስላልሆኑ፣ ከመግዛትዎ በፊት የመረጡት እትም በማይክ ድምፅ መቅዳት መፍቀዱን ያረጋግጡ። በሌላ በኩል አንድ ጊዜ የገዛው ሰው ቀጣዮቹን እትሞች ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነጻ ከሆኑት ውስጥ ኦዳሲቲ ለመቅዳትና ለመቁረጥ ጥሩ ነው፣ ለቅንብር ግን አይሆንም፤ ኤልኤምኤምኤስ ደግሞ ለቅንብር ይሆናል፣ በማይክ መቅዳት ግን አይችልም። ሎጂክ ፕሮ የሚባለው ሶፍትዌር ለአፕል መሣሪያዎች ብቻ ስለሆነ ይለፉት። በዶላር መክፈል አገር ውስጥ ላለ ሰው ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም የተሰበረ ሶፍትዌር ከመንገድ ላይ ፍላሽ እየገለበጡ ከመጫን ይቆጠቡ። ከቫይረስ ጋር የመጣ እንዲህ ያለ ፕሮግራም የአንድ ጓደኛዬን የሁለት ዓመት ቅጂ ሲያጠፋ አይቻለሁ።

የትኛውንም ቢመርጡ ከመወሰንዎ በፊት በአንድ ሥራ ይፈትኑት። በ6/8 ያለ ጭንቀት ያስኬዳል ወይ? የአንድን ድምፅ ቦታ በጥቂት ሴንት ማንቀሳቀስ ይፈቅዳል ወይ? በኤፍኤል ስቱዲዮ ፒያኖ ሮል (ድምፆቹ በሚደረደሩበት ገጽ) ላይ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ጥቃቅን ማስተካከያ አለው። ለሪፐርም ለኤፍኤልም የሚሆን ሰርጅ ኤክስቲ የሚባል ነጻ ሲንተሳይዘር ደግሞ የራስዎን ቅኝት በፋይል እንዲያስገቡለት ይፈቅዳል። ማሲንቆው ኪቦርዱን እንዲከተል አያድርጉ፤ ኪቦርዱ ማሲንቆውን ይከተል። አጎትዎ ማሲንቆውን የሚቃኙት ለድምፃቸው በሚመች ከፍታ እንጂ ኪቦርዶች በሚቃኙበት በ440 ኸርዝ መለኪያ ስላልሆነ፣ ከመቅዳትዎ በፊት ክፍቱን ጭራ፣ ማለትም በጣት ያልተነካውን፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻውን ያስመቱና ይቅዱት። ከዚያ በመቃኛ ፕሮግራም ይለኩት፤ ከቅርቡ የኪቦርድ ድምፅ 30 ሴንት ከፍ ብሎ ካገኙት ባሱንም ሲንተሳይዘሩንም 30 ሴንት ከፍ ያድርጉ። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የብዙ ቅንብሮቻችንን መቆርቆር ግን ያስቀራል።

ከበሮውንም ከተዘጋጀ የድምፅ ክምችት ከመፈለግ ይልቅ ራስዎ ይቅዱት። ከበሮ ሁለት አፍ አለው፤ ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ያወጣል። እያንዳንዱን በእጅ መዳፍም በጣትም፣ በቀስታም በኃይልም እያስመቱ 30 ወይም 40 ምት ይቅዱና ለየብቻ ይቁረጡ። አንዱን ምት ደጋግመው አይጠቀሙ፤ ከበሮ መቺ ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ ዓይነት ምት አይመታም፤ ጆሮም ይህን ወዲያውኑ ይለያል። ባይሆን ጨርሶ ከበሮ መቺውን ራሱን ከአጎትዎ ጎን ቁጭ አድርገው ቢቀዱ የበለጠ እደሰታለሁ።

ስለ አቀዳዱም ጥቂት ልበል። የቆርቆሮ ጣሪያና የሲሚንቶ ወለል ያለው ክፍል ድምፅ ያስተጋባል፤ በክረምት ደግሞ ጎጃም ላይ ዝናብ ሲወርድ ቆርቆሮ ሥር መቅዳት አይታሰብም። የሣር ክዳን ያለው የጭቃ ቤት ካገኙ ከብዙ ስቱዲዮ የተሻለ ጸጥ ያለ ክፍል አገኙ ማለት ነው። ካልሆነ ከተጫዋቹ ጀርባና ጎን ወፍራም ጋቢና ፍራሽ ያቁሙ። ማይኩን ከማሲንቆው የቆዳ ፊት አንድ ክንድ ባልሞላ ርቀት፣ ከደጋኑ መንገድ ትንሽ ወደ ጎን አድርገው ያስቀምጡት፤ በጣም ከቀረበ የደጋኑ መፋተግ ጎልቶ ድምፁን ይሸፍነዋል። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ይቅዱ፤ በአንድ ማይክ ይህ በደቂቃ 9 ሜጋባይት አይሞላም። ከፍተኛው ድምፅ ሶፍትዌሩ ሊይዝ ከሚችለው ጣሪያ፣ ከዜሮ፣ በ12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ቢቆም በቂ ነው።

አጎትዎ በጆሮ ማዳመጫ ከበሮ እየሰሙ እንዲመቱ ካደረጉ ድምፁ የሚዘገይበትን ጊዜ ይጠንቀቁ። ሶፍትዌሩ ድምፅን በአንድ ጊዜ 1024 ናሙና (ድምፁ በቁጥር የተለካባቸው ነጥቦች) እየሰበሰበ እንዲሠራ ከተደረገ በ44.1 ኪሎኸርዝ ቅጂ መዘግየቱ ቢያንስ 23 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል፤ ይህም ከበሮ መቺው ከዳሱ ማዶ 8 ሜትር ርቆ ቢቀመጥ ከሚሰማው መዘግየት ጋር እኩል ነው። ወደ 256 ዝቅ ካደረጉት ወደ 6 ሚሊ ሰከንድ ይወርዳል፤ ከበሮ መቺው ሁለት ሜትር ርቆ እንደተቀመጠ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ተጫዋቹ በኮምፒውተር ሲቀዳ ይፈዛል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰውየው ፈዝዘው ሳይሆን የሚሰሙት ከሩቅ ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ሶፍትዌር እንደማይሰጥዎት በግልጽ ልንገርዎት። አጎትዎ ዳስ ውስጥ ሲጫወቱ ከተቀማጩ አንዱ ተነስቶ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣቸዋል፤ እሳቸውም ያንኑ ግጥም በዜማ መልሰው ለሰጪው ያሰሙታል፣ ከራሳቸውም ይጨምሩበታል። የአዝማሪ ጥበብ ግማሹ በዚህ መቀበልና መመለስ ውስጥ ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ ማይክ ፊት ብቻቸውን ሲቀመጡ የሚሰጣቸው የለም፤ ነፍስ የለውም ሲሉ አንዳንዴ ይህንንም ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሲቀዱ ሦስት አራት ግጥም አዋቂ ጎረቤት ይጥሩ፤ ጠላም ይኑር፤ ሳቁና ጭብጨባው ቅጂው ውስጥ ቢገባ አይጨነቁ። ማሲንቆው ለብቻው ጥርት ብሎ እንዲወጣ ከፈለጉ በሌላ ቀን ለብቻ ይቅዱት፤ የሁለቱን ልዩነት ሲሰሙ የትኛው ለቅንብሩ መነሻ እንደሚሆን ራስዎ ያውቁታል።

ቅንብሩን ከጨረሱ በኋላ ለማንም ከማሰማትዎ በፊት ለአጎትዎ ያሰሟቸው፤ በላፕቶፑ ድምፅ ማጉያ ሳይሆን በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይሁን። አንድ ቦታ ላይ ፊታቸው ከተለወጠ ሰዓቱን ይጻፉና ያንን ቦታ ከጥሬው ቅጂ ጋር ያነጻጽሩ። ጥሬውን ቅጂ ደግሞ በፍጹም አይሰርዙት፤ የተቀዳበትን ቀን፣ ቦታውን፣ ቅኝቱንና የክፍቱን ጭራ ልክ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ አስፍረው አንዱን ግልባጭ በላፕቶፕዎ፣ ሌላውን በፍላሽ አድርገው በአጎትዎ ቤት ያስቀምጡ።